በማሽላው አገዳ ውስጥ ያለው ትል ዘመዱ ማን ነው?

ሐርጌሳ ላይ ጠዋት ጠዋት ላሖሕ በሻይ የምትበሉ ወዳጆቼ፣ ወደ ሊጡ የሚገባው ማሽላ ከፊሉ የሚመጣው ከቅርብ ነው፤ ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ ወደ ቶጎ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ፣ ገቢሌ ዙሪያ ካሉት ዝናብ ጠባቂ ማሳዎች። በዚያ ስታልፉ ዙሪያው ለምለም ሆኖ የመሐል ቅጠሉ ብቻ የደረቀ ተክል ካያችሁ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ንቀሉትና አገዳውን ከላይ እስከ ታች በቢላ ሰንጥቁት። ኩስና የታኘከ አገዳ የሞላበት ጠባብ ቦይ ታገኛላችሁ። በቦዩ ጫፍ ራሱ ቡናማ፣ ገላው ነጣ ያለ፣ ጀርባው ላይ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች በመስመር የተደረደሩበት ትል ተወሽቋል። አማርኛ ተናጋሪው ገበሬ አገዳ ቆርቁር የሚለው ይህንን ነው። ካደገ በኋላ ክንፍ አውጥቶ በሌሊት የሚበር ደብዛዛ የእሳት እራት ይሆናል።

ትሉን በጥንቃቄ ገልብጡትና የሆድ እግሮቹን በማጉያ መነጽር እዩ። በእያንዳንዱ እግር ጫፍ ጥቃቅን መንጠቆዎች አሉ። መንጠቆዎቹ ሙሉ ክብ ከሠሩ የያዛችሁት ከእስያ የመጣውን ቺሎ ፓርቴለስ ሊሆን ይችላል። ግማሽ ክብ ብቻ ከሆኑና ገላው ወደ ሮዝ ካደላ ደግሞ የአፍሪካ ተወላጅ የሆነውን ቡሴዮላ ፉስካ ልትጠረጥሩ ትችላላችሁ። ሁለቱም አገዳ ይቦረቡራሉ፣ ሁለቱም ማሽላና በቆሎ ይወዳሉ፤ ገበሬው በአንድ ስም ቢጠራቸው አይፈረድበትም።

እኔ ላጫውታችሁ የጓጓሁት ግን መነጽር ከማይደርስበት ስፍራ ያለውን ነገር ነው። አንድ ዓይነት የሆኑ፣ መልካቸው የማይለያይ፣ መንጠቋቸው እኩል የሆነ ሁለት ትሎች ቢኖሩ፣ አንዱ ከአንድ ተራራ ሌላው ከሌላ ተራራ ስለመጡ ብቻ፣ አንደኛውን የገደለው መላ ሌላውን ላይነካው ይችላል። ምክንያቱ የተጻፈው በዲኤንኤያቸው ላይ ነው። ስለዚህ ተባይን ለመከላከል የሚነሳ ሰው የትሉን ስም ካወቀ በኋላ የዘር ሐረጉንም መጠየቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደምል ከዚህ በታች አሳያችኋለሁ። ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ሁለቱን ነዋሪዎች እንለያቸው። ቺሎ በአፍሪካ መጀመሪያ የተመዘገበው በማላዊ በ1930 ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ምሥራቅና ደቡብ አፍሪካን አዳረሰ። ሙቀት ስለሚስማማው ቆላው ርስቱ ሆነ፤ በሶማሌዎች ማሽላ ላይም ስሙ በክፉ ከሚነሱት ተባዮች አንዱ ነው። ቡሴዮላ ደግሞ በእኛ አካባቢ ደጋና ወይና ደጋ ይመርጣል። የሚገርመው ይኸው ነፍሳት በምዕራብ አፍሪካ ከቆላው ሳቫና ጭምር ይገኛል፤ ምሥራቅ ላይ የሚጠላውን ሙቀት እዚያ ችሎት ይኖራል። ይህች ልዩነት ብቻዋን አንድ ነገር ልትጠቁመን ይገባ ነበር። ሐርጌሳ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ገቢሌ ከዚያም ከፍ ትላለች። ቦታው ሁለቱ ተባዮች የሚገናኙበት ከፍታ ነው፤ ቺሎም ባለፉት አሥርት ዓመታት በብዙ ቦታዎች ቡሴዮላን እየገፋ ወደ ላይ ሲወጣ ታይቷል።

አሁን ወደ ዘር ሐረጉ። ተመራማሪ ከትሉ አንዲት እግር ቆርጦ ዲኤንኤ ያወጣል፤ ከዚያ ውስጥ አጭር ክፍል መርጦ በሚሊዮን ቅጂ ያባዛል፤ ፊደሎቹን በተራ ያነባል። ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በሚቶኮንድሪያ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ነው። ሚቶኮንድሪያ ለሕዋስ ኃይል የሚያመነጭ ክፍል ሲሆን የራሱ የሆነ ትንሽ ዲኤንኤ አለው፤ ይህም ለልጅ የሚተላለፈው ከእናት ብቻ ነው። እዚህ ሐርጌሳ የሶማሌ ልጆች ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት እየቆጠሩ ትውልዳቸውን በቃላቸው ሲወርዱት ሰምታችሁ ይሆናል፤ ሚቶኮንድሪያ የሚይዘው ቆጠራ እንዲሁ ነው፣ ነገር ግን አባቶቹን ሁሉ ዘሎ እናቶችን ብቻ ይቆጥራል። ከብዙ ትውልድ አንድ ጊዜ አንድ ፊደል በስሕተት ይለወጣል። ሁለት ትሎች የሚለያዩባቸው ፊደሎች በበዙ ቁጥር የጋራ እናታቸው የኖረችበት ዘመን እየራቀ ይሄዳል።

በ2006 ሴዞንሊን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከምዕራብ፣ ከመካከለኛውና ከምሥራቅ አፍሪካ የተሰበሰቡ የቡሴዮላ ትሎችን በዚህ መንገድ አነበቡ። ሁሉም በአንድ ሳይንሳዊ ስም የሚጠሩ ናቸው። የተገኙት ግን ሦስት የተለያዩ የዘር ሐረጎች ነበሩ፤ አንዱ የምዕራብ አፍሪካ፣ ሁለቱ የምሥራቁና የመካከለኛው ወገን። ምዕራቡና ምሥራቁ የተለያዩበት ዘመን ወደ አንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይገመታል። ልብ በሉ፤ በአፍሪካ ማሽላ የተለመደው ከጥቂት ሺህ ዓመታት ወዲህ ነው፣ በቆሎማ ከአሜሪካ ከመጣ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። እነዚህ ነፍሳት የተለያዩት ገበሬ የሚባል ሰው ምድር ላይ ሳይኖር፣ የሰሜኑ ዓለም በበረዶ ዘመን ሲቀዘቅዝና ሲሞቅ፣ የአፍሪካ ሣርና ደን ሲሰፋና ሲጠብ፣ በየመጠለያቸው ተነጥለው በዱር ሣር ላይ ሲኖሩ ነው። ወደ ማሳችን ሲገቡ ያን ሁሉ ታሪክ ይዘውት ገቡ።

ልዩነቱ እስከ ዛሬ የቆየበት አንዱ ምክንያት የእንስቷ ጠባይ ነው። ቡሴዮላ ከወጣችበት ማሳ ብዙም ሳትርቅ ትጋባለች፤ እንቁላሏን በቅጠሉ ሽፋንና በአገዳው መሐል ትሸጉጣለች። ሩቅ የማይሄድ ነፍሳት በየሸለቆው የየራሱን ልዩነት እያከማቸ ይኖራል። ተመራማሪዎች ይህንን የሚለኩበት ከዜሮ እስከ አንድ የሚሄድ መለኪያ አላቸው። በሁለት ቦታ ያሉት ነፍሳት እንደ አንድ መንጋ ከተቀላቀሉ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ በጭራሽ የማይገናኙ ከሆኑ ወደ አንድ። ሩቅ የማይሄዱት ነፍሳት ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣሉ፤ አፍሪካዊው ተምች ደግሞ፣ ነፋስ ይዞት ከታንዛኒያና ከኬንያ ተነሥቶ እስከ ኢትዮጵያ ስለሚገሠግሥ፣ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል።

ታዲያ የሐረግ ልዩነት ለገበሬው ምን ይፈይድለታል? መልሱን የምታሳየን ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ጥቁር ተርብ ናት፤ ኮቴዥያ ሴሳሚዬ ትባላለች፣ የአፍሪካ ተወላጅ ናት። ትሉ በቆፈረው ቦይ ትገባለች፣ ትሉን ትወጋለች፣ በደቂቃ ባልሞላ ጊዜ በርካታ እንቁላሎች በገላው ውስጥ ትጥላለች። ከእንቁላሎቹ የሚፈለፈሉት የተርብ ልጆች ትሉን ከውስጥ ሆነው ይመገቡታል፤ ሲጨርሱ ቆዳውን በስተው ይወጡና አጠገቡ ነጫጭ የሐር እሽጎች ይሠራሉ። አገዳ ስትሰነጥቁ የሞተ ትል በነጭ እሽግ ተከቦ ካገኛችሁ እንዳትጥሉት፤ ወዳጃችሁ ናት።

ኬንያ ውስጥ የተደረገው ምርምር ግን አንድ እንቆቅልሽ ገጠመው። ከመሐል አገር፣ ኪታሌ አካባቢ የመጣችው ኮቴዥያ በቡሴዮላ ትል ውስጥ ያለችግር ልጆቿን ታሳድጋለች። ከባሕር ዳርቻው፣ ከሞምባሳ የመጣችው እኅቷ ያንኑ ትል ስትወጋ ግን የትሉ የደም ሕዋሳት እንቁላሎቿን ይከቡና አፍነው ይገድሏቸዋል። ተርቦቹን በዓይን መለየት አይቻልም። ልዩነቱ የተገኘው ተርቧ ከእንቁላሏ ጋር በምትረጨው ቫይረስ ጂን ላይ ነው። አዎ፣ ቫይረስ፤ ተርቧ በራሷ ክሮሞዞም ላይ ይዛ ለልጆቿ የምታወርሰው፣ ሥራው የትሉን የመከላከያ ኃይል ማደንዘዝ የሆነ ቫይረስ። ቡሴዮላ በሚበዛበት ደጋ የኖረችው ተርብ ቡሴዮላን የሚያደነዝዘውን ቅጂ ይዛለች፤ ቡሴዮላ በሌለበት ዳርቻ የኖረችው አላስፈለጋትም። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር እደነቃለሁ። አንድ የግብርና ባለሙያ በየዋህነት ከሞምባሳ ተርብ ሰብስቦ ደጋ ላይ ቢለቅ በስም የማይሳሳት፣ በሐረግ ግን ፍጹም የተሳሳተ ሥራ ይሠራል።

የውጪዋ እኅት፣ ኮቴዥያ ፍላቪፔስ፣ እኛን የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች በቀጥታ የምትነካ ታሪክ አላት። ቺሎ ከእስያ ሲመጣ የእስያ ጠላቶቹን ጥሏቸው ስለመጣ፣ ናይሮቢ ያለው ኢሲፔ የተባለው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ይህችን ተርብ ከፓኪስታን አስመጥቶ በ1993 በኬንያ የባሕር ዳርቻ ለቀቃት። ተላመደች። በ1997 በሶማሊያም ተለቀቀች። በኢትዮጵያ ግን አልተለቀቀችም ነበር። ሆኖም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር እማና ጌቱን ጨምሮ በማሳ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ አገኟት። ዮሴፍ አሰፋና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያ ሸንኮራ አገዳ ማሳዎች የሰበሰቧቸውን ተርቦች ዲኤንኤ አንብበው በ2008 ባሳተሙት ጥናት መሥራቾቿ ከየት እንደመጡ ተከታተሉ፤ ዝምድናዋ በጎረቤት አገሮች ከተለቀቀችው የፓኪስታን ዘር ጋር ነው። ከሶማሊያ በኩል ሳትሻገር አልቀረችም የሚለው ግምትም በባለሙያዎቹ ዘንድ አለ። ቀረጥ የሚጠይቃት፣ ፓስፖርት የሚያይላት አልነበረም፤ ትሉን ተከትላ ሄደች። ይህች ተርብ ቺሎን በደንብ ትገድላለች፤ በቡሴዮላ ውስጥ ግን እንቁላሎቿ እንደ ሞምባሳዋ ኮቴዥያ ይታፈናሉ። እንግዲህ መጀመሪያ ላይ በመነጽር ያያችኋቸው መንጠቆዎች ክብ መሆናቸውና ግማሽ መሆናቸው የትኛዋ ተርብ እንደምትረዳን ይወስናሉ ማለት ነው።

በአንድ መንጋ ውስጥ የተደበቀ ልዩነት ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ያየችው ደቡብ አፍሪካ ናት። በ1998 ገበሬዎቿ ከባክቴሪያ የተወሰደ ጂን የገባበት፣ ትሉ ሲበላው የሚገድለውን በቆሎ መዝራት ጀመሩ። በ2007 ቡሴዮላ ይህንን በቆሎ በማሳ ላይ እየበላ እንደሚያድግ በይፋ ተዘገበ። አሥር ዓመት እንኳ አልሞላም።

ለምን እንዲህ ፈጠነ? ትንሽ ስሌት ታገሡኝ። እያንዳንዱ ትል ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ፣ ሁለት የጂን ቅጂ አለው። በመንጋው ውስጥ ካሉት አንድ ሺህ ቅጂዎች መርዙን የሚቋቋመው አንዱ ብቻ ነው እንበል። ሁለቱም ቅጂዎቹ የሚቋቋሙ ትል ለማግኘት አንድ ሺሕኛን በአንድ ሺሕኛ ታባዛላችሁ፤ ከሚሊዮን አንድ። አንዱ ቅጂው ብቻ የሚቋቋም ትል ግን ከሺህ ሁለት ይገኛል። ለመትረፍ ሁለቱም ቅጂዎች ግድ ከሆኑ ከሚሊዮን ትል የሚተርፈው አንድ ነው። አንድ ቅጂ የሚበቃ ከሆነ ከዚያው ሚሊዮን ሁለት ሺህ ገደማ ይተርፋሉ። ቴክኖሎጂውን ያወጡት ሰዎች የታመኑበት ስልት የመጀመሪያው ሁኔታ እውነት ይሆናል በሚል የተሠራ ነበር፤ ከማሳው ጥግ ተራ በቆሎ ይዘራል፣ እዚያ ያደጉት፣ መርዙን የማይቋቋሙ የእሳት እራቶች ከጥቂቶቹ ከሚቋቋሙት ጋር ይጋባሉ፣ ልጆቻቸው አንድ ቅጂ ብቻ ስለሚይዙ በመርዙ ይሞታሉ። በ2013 የታተመ ጥናት በቡሴዮላ ላይ አንድ ቅጂ ብቻ ለመትረፍ እንደሚበቃ አሳየ። ተመሳሳይ ጂን ያለበት በቆሎ፣ ቴላ በተባለው ፕሮጀክት፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ስለተሞከረ ነገሩ ከእኛ ደጅ የራቀ አይደለም። እኔ ይህንን በቆሎ አትዝሩ አልልም። ከመዝራታችን በፊት በየአካባቢያችን ያለው ትል ውስጥ የሚቋቋመው ቅጂ ስንት እንደሆነ መቁጠር ግን ግዴታችን ነው ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

ስለ ኤልዳና ሳካሪና ባጭሩ ልበልና ወደ ትልቁ ተባይ ልሂድ። ይህም የአገዳ ትል ነው። በደቡብ አፍሪካ ለሸንኮራ አገዳ ዋነኛ ጠላት ሆኗል፤ በኢትዮጵያ ግን በአብዛኛው የተገኘው ረግረግ ዳር በሚበቅል ደንገልና በመሰል ተክሎች ላይ ነው። የዲኤንኤ ጥናት በአህጉሩ ዙሪያ ያሉት ኤልዳናዎች በግልጽ የተለያዩ ሐረጎች እንደሆኑ አሳይቷል። አንድ ስም፣ አንድ ቦታ ላይ ጠላት፣ ሌላ ቦታ ላይ የረግረግ ነዋሪ።

ትልቁ ተባይ መጤ ተምች ነው፤ የአሜሪካ ተምችም ይባላል። በ2016 በናይጄሪያ፣ በቤኒን፣ በቶጎና በሳኦ ቶሜ መገኘቱ ተነገረ። በ2017 መጀመሪያ ላይ በኢትዮጵያ ሸካ ዞን፣ የኪ ወረዳ ታየ፤ በዚያው ዓመት አማራ ክልል ደርሶ ገበሬው ከነቤተሰቡ ማሳ ገብቶ በእጁ እየለቀመ ሲጨፈልቀው ነበር። በ2018 ሕንድ፣ በ2019 መባቻ ቻይና፣ በ2020 አውስትራሊያ። እንስቷ በአንድ ሌሊት እስከ መቶ ኪሎ ሜትር መብረር ትችላለች፤ በዕድሜዋ ከአንድ ሺህ በላይ እንቁላል ትጥላለች። ትሉን ለመለየት ራሱን እዩ፤ የተገለበጠ ዋይ የመሰለ ነጣ ያለ ምልክት አለው፤ ከጭራው አጠገብ ደግሞ አራት ጥቁር ነጥቦች በካሬ ተቀምጠዋል።

ይህ ተምች ውስጡ ሁለት ነው። በ1980ዎቹ ዶረቲ ፓሽሊ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከበቆሎ የተለቀሙትና ከሩዝ የተለቀሙት ተምቾች፣ መልካቸው አንድ ሆኖ፣ በፕሮቲናቸው እንደሚለያዩ አሳየች። ከዚያ ወዲህ አንደኛው የበቆሎ ወገን፣ ሌላው የሩዝ ወገን ይባላሉ። የበቆሎው ወገን በቆሎ፣ ማሽላና ጥጥ ላይ ይበረታል፤ የሩዙ ወገን ሩዝና የግጦሽ ሣር ላይ። እንዳይዳቀሉ ከሚያግዷቸው ነገሮች አንዱ ሰዓት ነው፤ የበቆሎው ወገን የሚጋባው ሌሊቱ ገና ሲጀምር ነው፣ የሩዙ ወገን ሌሊቱ ሲገፋ። በአንድ ማሳ፣ በአንድ ጨለማ፣ በሰዓት ተለያይተው ይኖራሉ። እገዳው ግን ፍጹም አይደለም፤ ይዳቀላሉ።

መዳቀላቸው የሚታወቀው ደግሞ እንዲህ ነው። በእሳት እራቶች ዘንድ ከሰው በተቃራኒ ሁለት የተለያዩ የጾታ ክሮሞዞሞች ያሏት እንስቷ ናት፤ ዜድ እና ደብልዩ። ዜዷን የምታገኘው ከአባቷ ነው። ስለዚህ የአንዲት እንስት ሚቶኮንድሪያ ቢነበብ እናቷ ከየትኛው ወገን እንደሆነች ይናገራል፤ ዜድ ክሮሞዞሟ ላይ ያለው ቲፒአይ የተባለ ጂን ቢነበብ የአባቷን ወገን ይናገራል። ወደ አፍሪካ የገቡት መጤ ተምቾች ሲነበቡ በርካቶቹ በሚቶኮንድሪያቸው የሩዝ ወገን፣ በቲፒአይ ግን የበቆሎ ወገን ሆነው ተገኙ። ወደ እኛ የመጣው ከቀድሞ ድብልቅ የተወለደ፣ በጠባዩ ወደ በቆሎ ያደላ ዘር ነው ማለት ነው። ሚቶኮንድሪያውን ብቻ ያነበበ ሰው ግን የሩዝ ጠላት መጣብን ብሎ የሩዝ ገበሬውን ያስደነግጣል፤ የበቆሎና የማሽላ ገበሬውን ደግሞ ያዘናጋል።

የመነሻውም ፍለጋ የሚያጓጓ ነው። ተምቹ የሰሜን አሜሪካን ብርድ አይችልም፤ የብርዱን ወራት በደቡብ ፍሎሪዳና በደቡብ ቴክሳስ አሳልፎ በየዓመቱ ወደ ሰሜን ይፈልሳል። በእነዚህ ሁለት ቦታዎች የአንዳንድ የሚቶኮንድሪያ ቅጂዎች ድርሻ ይለያያል። የአሜሪካ ግብርና ምርምር ባልደረባ ሮድ ናጎሺ የአፍሪካውን ናሙና ሲመረምር ድርሻው ከፍሎሪዳና ከካሪቢያን ጋር ተመሳሰለለት። በኋላ ሙሉ ጂኖም ያነበቡ ሌሎች ቡድኖች ደግሞ ተምቹ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ የገባው በአንድ በር በአንድ ጊዜ ብቻ ላይሆን ይችላል ብለው ተከራከሩ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ በመርከብና በአውሮፕላን የሚጓዘው አትክልትና እህል ብዛት ሲታይ አንድ ጊዜ የተከፈተ በር ዳግም አለመከፈቱ ነው የሚገርመኝ። ክርክሩ ለገበሬውም ትርጉም አለው። አንድ ጊዜ ብቻ የገባ መንጋ የያዘው ልዩነት ጠባብ ነው፤ ደጋግሞ የሚገባ ግን በእያንዳንዱ ጉዞ አዲስ የመድኃኒት መቋቋሚያ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ይህ ባዶ ስጋት አይደለም፤ ከአዲሱ ስፍራው በተሰበሰቡ ተምቾች ላይ በኤሲኢ-1 ጂን የሚገኙ፣ በርካሽ የሚሸጡ አሮጌ የነፍሳት መርዞችን ለመቋቋም የሚያስችሉ ለውጦች ተገኝተዋል። ገበሬው በአንዱ ርጭት አልሞት ሲለው መጠኑን እጥፍ ያደርጋል፤ ገንዘቡ ያልቃል፣ ንቡና ተርቧ ያልቃሉ፣ ተምቹ ይቀራል።

አሁን ወደ ገቢሌው መንገድ ልመልሳችሁ፤ እስካሁን ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለና። አገዳ ቆርቁር ደረቁን ወቅት የሚያሳልፈው ትል ሆኖ፣ ምግብ ሳይበላ፣ በደረቀ አገዳ ውስጥ ተኝቶ ነው። የማሽላ አገዳ ደግሞ በዚህ አገር የከብትና የግመል መኖ ነው፤ ታስሮ በመኪና ይጫናል፣ ይሸጣል። ራሷ ሩቅ የማትበር የእሳት እራት ልጆቿ በመኪና ሲጓዙ አስቡት። አገዳ የጫነ አንድ አይሱዙ ሸለቆና ተራራ ለያይተው ያቆዩአቸውን ሐረጎች በአንድ ቀን ሊያገናኛቸው ይችላል። መኖ አትሽጡ ማለት አይቻልም፤ የሰው ኑሮ ነው። ማድረግ የሚቻል ቀላል ነገር ግን አለ። በደቡብ ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው አገዳው ከታጨደ በኋላ ወዲያው ቆሞ ከሚከመር ይልቅ አራት ሳምንት ያህል መሬት ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ቢመታው በውስጡ ያሉት አብዛኞቹ ትሎች ይሞታሉ። ፀሐይ ደግሞ እዚህ አልጎደለብንም።

አንባቢዬ፣ በገቢሌ፣ በቦረማ ወይም ከድንበሩ ማዶ በጅግጅጋ ዙሪያ ማሳ ያለው ዘመድ ወይም ወዳጅ ካላችሁ አንድ ውለታ እጠይቃችኋለሁ። አገዳ ስትሰነጥቁ ያገኛችሁትን ትል ወይም ነጭ የተርብ እሽግ ክዳን ባለው ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉት፤ ከፋርማሲ የተገዛ አልኮል እስኪሸፍነው ጨምሩበት፤ ከሚገኘው ሁሉ ጠንካራው ቢሆን ይመረጣል፣ ፎርማሊን ግን ዲኤንኤውን ያበላሻልና አትጠቀሙ። በእርሳስ በወረቀት ላይ ቀኑን፣ የመንደሩን ስም፣ ተክሉ ማሽላ ይሁን በቆሎ ጽፋችሁ ወረቀቱን እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ክተቱ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል። ከዚያ ለአቅራቢያችሁ የእርሻ ባለሙያ ወይም እንደ ቦረማው አሙድ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ትምህርት ላለው ተቋም አድርሱት። ቦታና ቀን የተጻፈበት አንድ ትል ስሙ ብቻ ከሚታወቅ መቶ ትል ይበልጥ ይጠቅማል።